የባኪስ ልብ በጎናሪዮ ደረት

ጎናሪዮና ባኪስ ሆድና ጀርባ ከሆኑ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። በእነዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት አንዲት ቃል አልተለዋወጡም፤ አንዲት ቅዳሜ ግን አብረው ሳይዘፍኑ አላለፈችም። ለሌላ አገር ሰው ይህ እብደት ሊመስለው ይችላል። በኦሩሌ መንደር ማኩረፍ የማንም መብት ነው፤ የዘፈን ጓድ ማፍረስ ግን ነውር ነው። የእረኛው ዜማ የሚቆመው በአራት ሰው ነው። አራቱ ክብ ሠርተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እያዳመጠ ነው የሚዘፍኑት። አንዱ ከጎደለ ሦስቱ ዲዳ ናቸው። ምትክ እናምጣ ቢባል ደግሞ አዲሱ ሰው መቼ መተንፈስ እንዳለበት እስኪገባው ድረስ የጓዱ ግማሽ መቃብር ይወርዳል።

ጎናሪዮ ባስ፣ የጓዱ ወፍራም ድምፅ ነው። ድምፁን ከእንብርቱ በታች ቆፍሮ ያወጣዋል፤ የድሮ ሰዎች ይህን ድምፅ ከበሬ ተማርነው ይላሉ። ባኪስ ከጎኑ ቆሞ ጉሮሮውን አጥብቆ የሚያወጣው ሁለተኛው ድምፅ ደግሞ ከበግ የተገኘ ነው። ጠቡም የመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ባኪስ ሦስተኛውን ብርጭቆ ወይን ሲጨርስ፣ የጎናሪዮ በሬ አርጅቷል፣ ሥጋው ሳይጠነክር ቢታረድ ይሻላል ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። ጎናሪዮም በግ ድምፁ የሚያምረው ሲታረድ ነው ብሎ መለሰ። ከዚያ ሁለቱም ብድግ ብለው፣ በአንድ አፍ፣ በአንድ ቅጽበት፣ ከእንግዲህ ቀድሞ የተናገረ ውሻ ይሁን ብለው ማሉ። የትኛው ቀድሞ እንደማለ እንኳ እስከ ዛሬ አልተለየም።

ከዚያ ወዲህ መልእክተኛቸው ቶቶኒ ነው፤ የመንደሩ ፀጉር አስተካካይና የጓዱ ሦስተኛ ድምፅ። ጎናሪዮ ከባኪስ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ቆሞ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ይፈጥናል ይላል። ቶቶኒ አንገቱን አዙሮ ያንኑ ለባኪስ ይደግምለታል። ባኪስም መልሱን በዚያው መንገድ ይልካል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። እነዚህ ግን ቂም ይዘው ሲዘፍኑ ከአካባቢው መንደር ሁሉ የሚደርስባቸው አልተገኘም።

በግንቦት መጀመሪያ ላይ ኦርኔላ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከካልያሪ መጣች። አብረው የሚዘፍኑ ሰዎች ልባቸውም አብሮ ይመታል የሚል ነገር አንብባ በገዛ ዓይኗ ልታይ ነው። አራት ቀበቶ ይዛለች። ቀበቶው ከጡት በታች ይታሰርና የልብ ምትን ራሱ ይመዘግባል። ቅዳሜ መጠጥ ቤት ውስጥ አራቱም አስረው ዘፈኑላት፤ ልባቸውም በአንድ ቀንበር እንደተጠመደ ሄደላት። ልጅቷ በዚህ ረክታ ብትመለስ መልካም ነበር። ነገር ግን የቀመሰ ይደግማልና፣ እባካችሁ ሦስት ቀን በየቤታችሁ አስራችሁ ቆዩልኝ፣ ሳትዘፍኑ ምን እንደሚሆን ልይ አለች። ሽማግሌዎቹም እሺ ብለው ቀበቷቸውን ይዘው ሄዱ፤ ከሦስት ቀን በኋላም መለሱላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱን በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ አቀረበች። መንደሩ በሙሉ ተገኝቷል። ግድግዳው ላይ አራት መስመር በአራት ቀለም ተንጸባረቀ። የጓዱ መሪ ድምፅ የሆነው የፕሪያሞ መስመርና የቶቶኒ መስመር ዘፈኑ ሲያልቅ ተለያይተው እያንዳንዱ በየፊናው ሄዷል። ቀዩና ሰማያዊው ግን አልተለያዩም። ቀዩ ንጋት ላይ ሲነሳ ሰማያዊው ይነሳል፤ ቀትር ላይ ሲያርፍ ያርፋል፤ ሲመሽ አብሮት ይወርዳል። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ነው። ቀዩ ጎናሪዮ ነበር፤ ሰማያዊው ባኪስ።

"ሠላሳ ዓመት አብረው በኖሩ ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ ያለ አላየሁም" አለች ኦርኔላ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው የጎናሪዮ ሚስት ሚንቶኒያ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ከተጋቡ አርባ አንድ ዓመታቸው ነው።

"ለመሆኑ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ስትተኛ ልብህ የት ነው የሚያድረው?" አለችው።

ጎናሪዮ ዓይኑን አሸሸ። ከአዳራሹ ማዶ ባኪስ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ጎናሪዮ ንዴት መሰለው። እሱም በንዴት ሊፈነዳ ደርሶ ነበርና፣ ይኸው፣ አሁን ራሱ አብረን እየተናደድን ነው ብሎ አሰበና ይብሱን ተናደደ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ኦሩሌ ጉዷን ስትሰማ ግን ሰኔም አልገባም ነበር። በማግስቱ ሚንቶኒያ ዳቦ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ባልሽ እንዴት አደረ ማለት ትተው ባኪስ እንዴት አደረ ይሏት ጀመር። የደም ግፊት የምትለካው ነርስ ባኪስን ትናንት ስለለካሁ ጎናሪዮ አያስፈልገውም ብላ መለሰችው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ትራክተሩ ነው። ጎናሪዮ ትራክተሩን ለማንም አያውስም፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። አሁን ግን ጎረቤቱ ትራክተር ሲፈልግ አስቀድሞ አንድ ድፍን አይብ ይዞ ወደ ባኪስ ቤት ይሄዳል፣ ባኪስ በልቶ ጠጥቶ ደስ ሲለው ጎረቤቱ እየሮጠ ጎናሪዮ ዘንድ ይመጣል። ጎናሪዮም ግራ እየገባው፣ ደስ ሳይለው ደስ ያለው እየመሰለው፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሰጠ።

ሰው በገዛ ደረቱ ውስጥ ተከራይ ሲገባበት ምን ያደርጋል? ጎናሪዮ ሲያዛጋ ጥፋቱ የባኪስ ስንፍና ነው። ቃር ሲይዘው የባኪስ ሆዳምነት ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይ ልቡ ያለምክንያት ድው ድው ሲል፣ ባኪስ ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጦ የቤተ ክርስቲያኑን መጋቢ እህት እያየ እንደሆነ እርግጠኛ ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፉን ሲጠብቅ ኖሮ፣ ለካስ ልቡ በጓሮ በር እየወጣ ከዚያ ሰውዬ ጋር ሲያወራ ከርሟል። ይህ ነው ያቃጠለው፤ አፍሮም ነበር።

በሰኔ አጋማሽ ላይ ግን አንድ ሐሳብ መጣለት። ልባቸው በአንድ ገመድ ከታሰረ ገመዱ በሁለቱም በኩል ይጎተታል። ባኪስ በሕይወቱ አንድ የማይነካ ነገር አለው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሚተኛት እንቅልፍ። በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ቢቃጠልም ባኪስ አይቀሰቀስም። ስለዚህ ጎናሪዮ ልክ በስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጸሎት ቤት የሚወስደውን ዳገት በሩጫ ተያያዘው። ዕድሜው ሰባ አንድ ነው። የከፋይ ሱሪውን ለብሶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ምላሱን አውጥቶ ጫፍ ደረሰና ድንጋይ ላይ ተዘርሮ ሰማይ ሰማይ እያየ ሳቀ።

በማግስቱ ቶቶኒ ፀጉሩን ሲያስተካክለው፣ ባኪስ ትናንት እንቅልፍ እንዳልወሰደው፣ ቀኑን ሙሉ ሲቆጣ እንደዋለ ነገረው። ጎናሪዮ ደስታውን መደበቅ አቅቶት አንድ ጆሮው ሊቆረጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሮጠ። በየቀኑም ባኪስ ሳይተኛ ዋለ፤ ዓይኑ ቀላ፣ ጉንጩ ሟሸሸ፣ ቅዳሜ ሲዘፍኑ እንኳ ሲያንጎላጅ ታየ። ሚንቶኒያ ባሏን አንተ ሰውዬ፣ ወይ ራስህን ትገድላለህ ወይ እሱን ትገድላለህ አለችው። ጎናሪዮ ሁለተኛው ቢሆን አይከፋኝም ብሎ መለሰላት። ይህን በቀልድ ነው ያለው፤ ግን ብሎታል።

በዘጠነኛው ቀን ዳገቱን ወጥቶ ወደ ታች ሲመለስ ቶቶኒ ከነሽርጡ፣ መቀሱን እንደያዘ፣ እያለከለከ መጣበት።

"ባኪስ ወድቋል። ልቡ ነው አሉ። አምቡላንስ ወደ ከተማ ይዞት ሄደ።"

"መቼ?"

"ቅድም፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ። በሩ ላይ ነው የወደቀው፣ ባዶ እግሩን።"

ጎናሪዮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከሩጫው የተነሣ ልቡ እንደ ፈረስ ይጋልባል። ገደልኩት አለ በሆዱ። ከዚያ አንድ የከፋ ነገር ታየው፤ አሁንም እየገደልኩት ነው። መሮጥም መቀመጥም ፈራ። ቶቶኒ ና ፍጠን ሲለው አልፈጠነም። እርምጃውን እየቆጠረ፣ ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ቆሞ በአፍንጫው እየተነፈሰ፣ ዕንቁላል የተሸከመ ይመስል ወረደ። የሃያ ደቂቃውን መንገድ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረሰው።

ከዚያ ወዲያ ጎናሪዮ ጥላ ሥር ካለ ወንበር ላይ አልተነሳም። ባኪስ በሕይወት እንዲቆይ የጎናሪዮ ልብ እርጋታ ያስፈልገዋል፤ ይህን መንደሩ በአንድ ድምፅ ተስማማበት። አንድም ሰው እንዲያው ሞኝነት ነው ያለ የለም። መጋቢው ደወሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዲደወል አዘዙ። የኳስ ውጤት በደጃፉ እንዳይወራ ተከለከለ። ትራክተሩን የተዋሰው ጎረቤት ጎማውን እንዳፈነዳው ሊነግረው መጥቶ ከበሩ ተመለሰ። ሚንቶኒያ ጨው የሌለው ሾርባ ትሰጠዋለች፤ እሱም እየተንቀጠቀጠ፣ ግን በቀስታ እየተንቀጠቀጠ፣ ይጠጣል። ማልቀስ አማረው፤ አላለቀሰም፣ ለቅሶ ልብን ያፈጥናልና።

በሦስተኛው ቀን ቶቶኒ ከሆስፒታል ተመለሰ። ሐኪሞቹ የባኪስ ልብ በጣም ደክሟል፣ ምቱ እየወረደ ነው፣ ካልተነሣ ምን እንደሚሆን አናውቅም ብለዋል። ቶቶኒ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ፣ ጋሼ ጎናሪዮ፣ እርጋታው አልበዛም ወይ ብሎ ጠየቀ።

መንደሩ ይህንንም ወዲያው ተቀበለ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጎናሪዮን ለማናደድ ተሰለፈ። አንዱ የወይን ተክልህ ጢም ያላወጣ ልጅ የተከለው ይመስላል አለው። ያ ጎረቤት የጎማውን ነገር ነገረው፤ ሰዉ ግን ለማናደጃ የፈጠረው መሰለው። ሚንቶኒያ ሰልፍ ሳትይዝ ፊቱ ቆመች፤ የአርባ አንድ ዓመት ስንቅ ነበራትና ከሙሽርነታቸው ሳምንት ጀምራ በተራ በተራ አወረደችው። ጎናሪዮ ቢሰማም መናደድ አልሆነለትም። የሚንቶኒያ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያያል፤ የሚያስበው ግን ያ ሰውዬ ከተማ ውስጥ፣ ነጭ አንሶላ ላይ፣ ማንም በማያውቀው ሰው መካከል ብቻውን መሆኑን ነው። ከጎኑ ቆሞ ስንት ቅዳሜ ዘፍኗል? አንድም ቀን ፊቱን አዙሮ አላየውም።

"በቃ" ብሎ ተነሣ። "ውሰደኝ።"

ቶቶኒ በጠመዝማዛው መንገድ ላይ መኪናዋን እንደ ጋሪ ነዳት፤ ከመፍጠንና ከመዘግየት ለባኪስ የሚበጀው የትኛው እንደሆነ አላወቀም።

ባኪስ ትራስ ተደግፎ አገኙት። አንሶ ነበር፤ ጢሙ አድጎ፣ አንገቱ ከሸሚዙ ውስጥ እንደ ዱላ ቆሞ። ቶቶኒ በልማዱ ሊናገርላቸው መካከላቸው ገባ። ጎናሪዮ በእጁ ወደ ኮሪደሩ አስወጣውና በሩን ዘጋ። ከዚያ አልጋው ግርጌ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ።

"እሺ" አለ። "ውሻው እኔ ልሁን። ባኪስ፣ እኔ ነኝ ለዚህ ያበቃሁህ። በየቀኑ ዳገት የሮጥኩት አንተን እንቅልፍ ልነሳህ ብዬ ነው። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ይቅር በለኝ።"

ባኪስ ጉሮሮውን ጠረገ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለጎናሪዮ ያልተሰጠ ድምፅ እንዲህ በቀላሉ አይነሣም።

"ቀበቶውን አላሰርኩትም" አለ በመጨረሻ።

"የቱን ቀበቶ?"

"የልጅቷን። ቤት ስሄድ በጓ ላይ ነው ያሰርኩት፣ ጆሮዋ የተቀደደው ላይ። ልጅቷ የሁለተኛውን ድምፅ ልብ ነው የምፈልገው አለች። ድምፁን ያገኘሁት ከበግ ነው፤ የድምፁ ባለቤት ራሷ ትስጣት አልኩ።"

ጎናሪዮ ይህን ለመረዳት ወንበር አስፈለገው።

"ሦስት ቀን ሙሉ ልቤ ከበግ ጋር ነበር ማለት ነው?"

"ደህና በግ ናት። አንተም ለማለብ ስትነሳ እሷም ለመታለብ ትነሳለች። ሌላ ምን ሥራ አላችሁ?"

"እና አዳራሹ ውስጥ..."

"ሳቄን ነበር የምታገለው።"

ጎናሪዮ የተቆጣ መስሎት አፉን ከፈተ። ቁጣው ግን አልመጣም። ይልቅ ያልገባው አንድ ነገር ቀረ።

"ታዲያ ቀበቶው ውሸት ከሆነ፣ እኔ ስሮጥ አንተን ምን እንቅልፍ ነሳህ? ቶቶኒ አልተኛም ይለኝ ነበር።"

ባኪስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አልጋዬ መስኮቱ ሥር ነው" አለ። "መስኮቱ ዳገቱን ያያል። የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ጠጠር ላይ ሲሮጥ እያየህ አንተ ትተኛለህ? አሁን ይወድቃል፣ አሁን ይወድቃል እያልኩ ጫፍ እስክትደርስ ትንፋሼን ይዤ እቆያለሁ። ስትወርድ ደግሞ እንደገና። የዚያን ቀን ገና ስትወጣ ከትልቁ ዛፍ ኋላ ገባህ። እስክትወጣ ጠበቅኩ። ሃያ ቆጠርኩ፣ አልወጣህም። ሃምሳ ቆጠርኩ፣ አልወጣህም። ጫማዬን ሳላደርግ ልደርስልህ ወጣሁ፤ በሩ ላይ ነው ይሄ ነገር የያዘኝ።"

ጎናሪዮ ከዛፉ ኋላ ምን ያደርግ እንደነበር አስታወሰ፤ ባያስታውስ በወደደ።

"ሽንቴን እየሸናሁ ነበር" አለ።

ባኪስ ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ።

"እስከ ሃምሳ?"

"በእኛ ዕድሜ እኮ ነው፣ ባኪስ።"

መጀመሪያ የሳቀው ባኪስ ነው። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ጎናሪዮም እየሳቀ መሆኑን ያወቀው ጉንጩ ሲረጥብ ነው። አልጋው አጠገብ ያለው የልብ ማሽን ጮኸ፤ የሆስፒታሉ ነርስ ገብታ ማሽኑን ነካክታ፣ በሽተኛው ዕረፍት ያስፈልገዋል፣ አባባ ይውጡ አለችው። ጎናሪዮ ከዚህ የሚያስወጣኝ መጋቢም አይገኝም አለ። ነርሷ ሁለቱን አየችና ትታቸው ወጣች።

ባኪስ ዓይኑን ጨፈነ። ጎናሪዮ አንሶላው ላይ የተዘረጋውን እጅ አንሥቶ የደም ሥሩን በጣቱ ፈለገ። ሌላ እጁን በገዛ ደረቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ሁለቱ ምቶች በጭራሽ አይገጥሙም፤ የእሱ ይሮጣል፣ የባኪስ ያነክሳል፣ አንዳንዴም ይቆምና እንደገና ይነሣል። ጎናሪዮ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠና እስኪደርስበት ጠበቀው።